ሀዋሳ ላይ የሀገር በቀል ሙዚቀኞች ኮንሰርት ልናዘጋጅ ነው፣ ኦርጋን ይግባ አይግባ ብለን ተጣልተናል

የአቶቴ ልጅ፦

ሰላም ሀዋሳዎች፣ ከሌላም ከተማ ያላችሁ። አቶቴ አካባቢ ያለን ልጆች ወደ አስራ አንድ ሆነን ጥቅምት አጋማሽ ዝናቡ ጥርግ ሲል አንድ ኮንሰርት ልናዘጋጅ ነው። ኮንሰርት ስላችሁ ሆቴል ውስጥ ቲኬት ተቆርጦ ሚገባበት አይነት እንዳይመስላችሁ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው፣ መግቢያው ነፃ፣ ሚጫወቱት ደሞ ሀገር በቀል ሙዚቀኞች ብቻ። እስካሁን እሺ ያሉን ከሲዳማ ቄጣላ (የሲዳማ ባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ) ሚያወጡ ሽማግሌዎች ከነወጣቶቻቸው፣ ከጊዶሌ የደራሼ ፊላ ሚባለውን ቀርከሃ ነፊዎች (እነሱ ብቻ ሀያ ምናምን ሰው ናቸው፣ መኪናው ራሱ ሌላ ራስ ምታት)፣ ከወላይታ ዲንካ ሚነፉ፣ ከዶርዜ ዘፋኞች፣ እና እዚሁ ከተማ ማታ ማታ ከቤት ቤት እየዞረ ሚጫወት አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ናቸው።

ሀሳቡ የመጣው ባለፈው ለሲዳማ አዲስ አመት፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ በአሉ ሚከበርበት ጉዱማሌ ሄደን ስንመለስ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ ቄጣላውን ከዳር ቆሜ በስልክ ከመቅረፅ ውጪ ምን እየተባለ እንደሆነ እንኳን አላውቅም፣ አጠገቤ ያለች ትንሽ ልጅ ተርጉማ ስትነግረኝ በጣም አፈርኩ። ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ ነው እንግዲህ ለምን እኛ ሰፈር አናመጣቸውም የተባለው።

ችግሩ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቹ ከስር ኦርጋን ካልገባና ቢት ካልተደረገለት ወጣቱ በሩብ ሰአት ውስጥ ወደ ፍቅር ሀይቅ ይፈሳል፣ መጨረሻ ላይም ስም ያለው ዘፋኝ ካልመጣ ሰው አይመጣም ይላሉ። እኔና ሌሎቹ አይሆንም ብለናል። በጀታችን በመዋጮና በትንሽ ስፖንሰር 180 ሺ ብር ነው፣ የጠየቅነው ዘፋኝ ማናጀር የጠራልን ዋጋ ደሞ ብቻውን ከዛ በላይ ነው፣ እነሱ ግን አሁንም ስፖንሰር እንጨምራለን እያሉ ነው። መድረክ ይሰራ አይሰራም አልተስማማንም። ሳውንድ ምን አይነት እንደሚያስፈልግ አናውቅም። ለተጫዋቾቹ ስንት ይከፈል ሚለውን አንስተን ሁላችንም ዝም ነው ያልነው። ልምድ ያላችሁ እስኪ በሉን።

ዓሳ ሾርባ፦

ሀገር በቀል ሙዚቀኞች ስትል እኔ ወይራና ዝግባ ማይክ ይዘው ነው የታዩኝ ሃሃሃ። ይቅርታ፣ ሀገር በቀል ሲባል ችግኝ ብቻ ነው ትዝ ሚለኝ። ከቁም ነገሩ ግን ከአሞራ ገደል ዓሳ ሾርባ ሚያቀርብ ሰው ካላችሁበት እኔ ኦርጋን ገባ አልገባ ግድ የለኝም፣ እመጣለሁ።

ሚክሰር ሀዋሳ፦

የሳውንድ ስራ ከጀመርኩ 14 አመቴ ነው፣ ሰርግ፣ ስብሰባ፣ ምርቃት፣ ሁሉንም ሰርቻለሁ። ስለ ፊላው ብቻ አንድ ነገር ልንገርህ ምክንያቱም እኔ ተዋርጄበታለሁ።

ከተወሰነ አመት በፊት አንድ ዝግጅት ላይ ፊላ መጣ። እኔ እንደ ባንድ አሰብኩት፣ መቼም ሊድ ሚጫወተው ፊት ያለው ነው ብዬ ሁለት ማይክ ፊት ለፊት ካሉት ጠና ካሉ ሰውዬዎች ጋር ተከልኩና ቁጭ አልኩ። ከስፒከሩ ምን እንደወጣ እንዴት ልንገርህ፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው እንደሚያወራው ነው፣ ቱ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቱ ይላል፣ ዝም ይላል። ለካ ፊላ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ሚባል ነገር የለውም። እያንዳንዱ የያዘው ቀርከሃ አንድ ወይ ጥቂት ድምፅ ብቻ ነው ሚያወጣው፣ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን፣ ይሄኛው ነፍቶ ሲያቆም ያኛው ይቀበለዋል፣ እሱ ሲያቆም ሌላው፣ ዜማው በመሀላቸው እየተቀባበለ ነው ሚሄደው። ከሀያው ሰው ሁለቱን ብቻ ማይክ ላይ ካወጣህ ከሀያ ፊደል ሁለት ፊደል እንዳነበብክ ቁጠረው። ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ መጡና ቀስ ብለው "አንተ ልጅ፣ ግማሻችንን የት ጣልከው?" አሉኝ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ላብ ያጠምቀኛል።

ስለዚህ ምን ታረጋለህ፣ ለፊላ እጅ ላይ ሚያዝ ማይክ አያስፈልግም። እየተንቀሳቀሱ ስለሚጫወቱ ኮንደንሰር ማይክ (ከራቅ ብሎም ድምፅ ሚይዘውን) ከፍ ባለ ስታንድ አርገህ ከላይ ወደ ታች ታዞረዋለህ፣ አራት ይበቃል፣ ሁሉንም እኩል ይስማ ብቻ። ለዶርዜም እንደዛው፣ እነሱም ሲዘፍኑ አንዱ ሌላውን አይደግምም፣ ሁሉም የየራሱን ድምፅ ይዞ ነው ሚገጥመው፣ አንድ ሰው ላይ ማይክ ከተከልክ አጠፋኸው። ከሰአት በኋላ ከሀይቁ ሚነሳውን ንፋስ ታውቀዋለህ መቼም፣ ስፖንጅ የሌለው ማይክ እንዳትከራይ፣ ሙሉ ኮንሰርቱ ፉፉፉ ነው ሚሆነው።

ማሲንቆው ሌላ ነው። ያለው አንድ ክር ነው፣ የፈረስ ጭራ፣ ድምፁ ሚወጣው ከተወጠረው ቆዳ ነው፣ ቆዳው አጠገብ ትንሽ ክሊፕ ማይክ አርግለት፣ ለአፉ ደሞ ለብቻ፣ ምክንያቱም እየተጫወተ ይዘፍናል። ሞኒተር፣ ማለት ለተጫዋቹ ራሱን ሚያሰማውን ስፒከር፣ እንዳታስጠጋበት፣ ቆዳው ከስፒከሩ ሚመጣውን ድምፅ ይቀበልና ይጮሃል።

ኦርጋን ላልከው እኔ እንደ ባለሙያ ነው ምነግርህ፣ ባህል ምናምን ሚለውን ለሌሎች ልተወውና፣ አይገጥምም። ቀርከሃውን ሰዎቹ እርስ በርስ አስማምተው ነው የቆረጡት፣ ከኦርጋኑ ጋር አይደለም። ከስር ኦርጋን ካስገባህ አንዱ ከአንዱ ይጋጫል፣ ተመልካች ደሞ ሁልጊዜ ኦርጋኑ ልክ ነው፣ ሰውዬዎቹ ናቸው የሳቱት ብሎ ነው ሚፈርደው። ጠርተሀቸው ከጊዶሌ ድረስ መጥተው ልታሳጣቸው ነው።

የይርጋዓለም ልጅ፦

ወንድሜ ሀሳብህ ደስ ይላል፣ ያፈርክባት ነገርም አታሳፍርም፣ እኔም ሲዳማ ሆኜ ከተማ ያደግኩ ስለሆንኩ ብዙውን በኋላ ነው የተማርኩት።

ስለ መድረኩ ግን እባካችሁ ቄጣላን መድረክ ላይ እንዳታወጡት። ቄጣላ ትርኢት አይደለም፣ ተመልካችና ተጫዋች ሚባል ነገር የለውም። ሽማግሌዎቹ ይመራሉ፣ ህዝቡ ይቀበላል፣ ህፃን ሽማግሌ፣ ሴት ወንድ፣ ሀብታም ደሀ ሳይባል ሁሉም ይገባል። ዩኔስኮ እራሱ በ2008 ዓ.ም ናሚቢያ ላይ ፊቼ ጨምበላላን ሲመዘግብ የመዘገበው ህዝቡ ተሰብስቦ ሚያከብረውን በአል ነው እንጂ የአንድን ቡድን ጭፈራ አይደለም። እናንተ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ሳንቃ ላይ አስር ሰው ካወጣችሁና አምስት መቶውን ከታች በወንበር ካስቀመጣችሁ የቀረው ልብሱ ነው።

አያቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ (የማን እንደሆነ አልናገርም) ቀን ሙሉ ካስጠበቋቸው በኋላ መድረክ ላይ አወጧቸው። እኛ ጋ ሽማግሌ ንግግር ሲጀምር "አፊኒ?" ብሎ ነው፣ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው፣ ሰው መስማቱን ሳያረጋግጥ ዝም ብሎ አይቀጥልም። አያቴ ማይኩን እንደ ከዘራ ጭንቅላቱን ጨብጠው "አፊኒ?" አሉ። ዲጄው ከስር ሙዚቃ ለቆ ነበርና ማንም አልመለሰላቸውም። ደግመው "አፊኒ?" አሉ። መድረክ መሪው ጠጋ ብሎ "አባባ ሰአት የለንም፣ በቀጥታ ወደ ጭፈራው" አላቸው። እሳቸው ማይኩን መልሰው ሰጡትና ወረዱ፣ ወጣቶቹ ብቻ ጨፈሩ። ቤት ስንደርስ ምንም አላሉም፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፣ ከዛ ወዲህ ማንም ቢጠራቸው አይሄዱም። ፎቷቸው ግን በሚቀጥለው አመት ባነር ላይ ወጣ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ አናግሯቸው፣ በስልክ አይሆንም። ሜዳው ላይ ክብ ቦታ ተዉላቸው፣ ወንበሩ ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር ብቻ ይሁን። ለሽማግሌዎቹም ሰአት አትቁረጡባቸው፣ ቢያንስ መክፈቻው የነሱ ይሁን፣ መክረው መርቀው ይጀምሩ። (ዓሳ ሾርባ የሳቅከው ነገር ባይገርምህ፣ ፊቼ ላይ ሽማግሌዎች ከሚመክሩት አንዱ ሀገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ሚለው ነው። ስራ አትጥሉ፣ አትስረቁ፣ በሀሰት አትመስክሩ ከሚለው ጋር እኩል ነው ሚጠራው።)

ምግብም ካሰባችሁ ቡርሳሜ ይሁን። የፊቼ አመጣጥ ሲነገር አንዲት ያገባች ሴት በአመት አንዴ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሰራችውን ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ይበላ ነበር ነው ሚባለው። ጨምበላላ ላይም ልጆች "አይዴ ጨምበላላ" እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ ሚበሉት እሱን ነው። የታሸገ ውሃና ብስኩት አድላችሁ የባህል ዝግጅት አደረግን እንዳትሉ ብቻ።

አዳማ 08፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። እዚህ አዳማ ከሁለት አመት በፊት ተመሳሳይ ነገር ሞክረን ነበር፣ ንፁህ ባህላዊ ብቻ ብለን ኦርጋን ከልክለን፣ የመጣው ሰው አብዛኛው የኮሚቴው ቤተሰብ ነበር። እናንተ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ኦርጋን ሀጢያት ነው እያላችሁ የ17 አመት ልጅ ግን ስልኩ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ሳታገኘው ለማን ነው ምታቆየው?

ደሞ መቀላቀል የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲመሰረት ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ በገና በአንድ ላይ አስቀምጦ እንደ ኦርኬስትራ ማጫወት ራሱ አዲስ ነገር ነበር፣ የመሰረተውም ሀሊም ኤል ዳብ ሚባል ትውልደ ግብፅ የሙዚቃ ደራሲ ነው፣ በኋላ እነ ተስፋዬ ለማ አሳደጉት። በገናን ያህል የፆም መሳሪያ ከማሲንቆ ጋር! ያኔ የነበረ ሰው እንደናንተ ቢያስብ ኖሮ ያ ሁሉ ነገር አይሰራም ነበር። የኛው የኦሮሞ ጭፈራ ረገዳም ሰርግ ላይ ኦርጋን ገብቶበት ነው አሁን ህፃን ሁሉ ሚያውቀው።

ስለዚህ እኔ ምለው ዘፋኙን ተዉት፣ ገንዘብ ይበላል፣ ኦርጋኑን ግን አስገቡ።

ሚክሰር ሀዋሳ፦

አዳማ 08 የኦርኬስትራውን ነገር ልክ ነህ፣ ግን እኮ እነሱ ቁጭ ብለው ስንት ጊዜ ተለማምደው፣ መሳሪያዎቹን እርስ በርስ ቃኝተው ነው ያጫወቱት። እናንተ ምታረጉት ግን ሰዎቹ ጠዋት ከመኪና ይወርዳሉ፣ ማታ አንድ ኦርጋኒስት የሆነ ቢት ይለቅባቸዋል፣ አለቀ። ይሄ መቀላቀል አይደለም፣ መደረብ ነው። ሶስት ወር ልምምድ ካላችሁ ማሲንቆውን ከፈለጋችሁት ጋር አርጉት፣ እኔ ራሴ በነፃ ሚክስ አረግላችኋለሁ።

ረገዳውም ህፃን ሁሉ የሚያውቀው ኦርጋን ስለገባበት ነው ወይስ ሰርግ ላይ ሁሉም ሰው ስለሚገባበት? እሱን አስብበት።

አዳማ 08፦

እሱን አላሰብኩትም ነበር። ኦርጋኑ ላይ ግን አልተረታሁም።

የድሮ ኪነት፦

ሁላችሁም ስለ ኦርጋን ስትከራከሩ ልጁ የጠየቀውን ክፍያ ሚባል ነገር ማንም አልነካውም፣ ያው ሁልጊዜም እንደዚህ ነው። እኔ ዘጠኝ አመት ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ፣ ከበሮ መቺ። እንግዳ ሲመጣ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ስብሰባ ሲከፈት እኛ አለን። ፀሀይ ላይ አራት ሰአት ቆመን እንግዶቹ ሲደርሱ አምስት ደቂቃ እንጨፍራለን፣ ሚያጨበጭብ ያጨበጭባል፣ እነሱ ወደ ምሳ እኛ ወደ ፒካፑ። አንዴ ሌሊቱን ተጉዘን የሄድንበት ዝግጅት ላይ አበላችሁ በተወካያችሁ በኩል ይደርሳችኋል ተባልን፣ እስከ ዛሬ ተወካዩንም አበሉንም አላየነውም፣ የተሰጠን አንድ አንድ ቲሸርት ነው፣ እሱም የስፖንሰሩ ስም የተፃፈበት። እዛው ዝግጅት ላይ ዲጄው ሂሳቡን ሳይቀበል ኬብሉን አልነቅልም ብሎ እዛው ተከፍሎት ሄደ። ያን ቀን እኔም ኬብል ያለው ነገር በተማርኩ ብዬ ተመኘሁ።

ስለዚህ የአቶቴ ልጅ፣ ከ180 ሺው መጀመሪያ የተጫዋቾቹን ቆርጠህ አስቀምጥ፣ ከዛ በተረፈው ሳውንድና ዲኮር አስብ፣ ተገልብጦ ነው ሁልጊዜ ሚሰራው። አበል አትበለው፣ ክፍያ በለው። በተወካይ ሳይሆን ለእያንዳንዱ በእጁ አስፈርመህ ስጥ። ከጊዶሌ ሚመጡት ማደሪያ፣ እራት፣ ቁርስ ያስፈልጋቸዋል፣ ማታ ጨርሰው በዛው ሌሊት ይመለሱ እንዳትል፣ መንገዱ ረጅም ነው።

ሌላ፣ ቀረፃ። እኛ የጨፈርነው ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ስንት ሺ ሰው እንዳየው ባውቅም አንድ ሳንቲም አላየሁም፣ ስማችንም አልተፃፈም፣ ሚለው "የደቡብ ጭፈራ" ብቻ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፋኝና ተጫዋች ሳይፈቅድ ትርኢቱ እንዳይቀረፅና እንዳይሰራጭ መብት ይሰጠዋል፣ ዘመናዊ ዘፋኝ ብቻ ሚል ነገር የለበትም። ቀድማችሁ ጠይቋቸው፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ እሺ ካሉም በወረቀት። እምቢ ያሉት ካለም ካሜራው በሱ ሰአት ይጥፋ። የዶርዜውን ዶርዜ፣ የደራሼውን ደራሼ፣ የወላይታውን ወላይታ ብላችሁ ፃፉ፣ ባህላዊ ጭፈራ ብላችሁ አንድ ላይ እንዳታጭቁት።

የአቶቴ ልጅ፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን፣ ይሄን ሙሉውን ለኮሚቴው በስልክ አንብቤላቸዋለሁ፣ የድሮ ኪነት የፃፍከው ጋ ስንደርስ ማንም አልተናገረም። ዘፋኙ ቀርቷል። ኦርጋን ፈላጊዎቹ እንደ አዳማ 08 አልተረቱም ግን ለዚህ ጊዜ ይቅር ብለዋል፣ በምትኩ መጨረሻ ላይ ማሲንቆ ተጫዋቹ ለብቻው ግማሽ ሰአት ይኖረዋል፣ ሰው እየጠራ እየገጠመ ይሞጋግሳል ይተርባል፣ ወጣቱን እሱ ይይዘዋል ብለናል። መድረኩም ቀርቷል፣ ሜዳው ላይ በኖራ ክብ እናሰምራለን፣ የሳንቃው ብር ለጊዶሌዎቹ ማደሪያ ይሆናል።

እሁድ ደሞ እንደተባልነው ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድን፣ ሶስት ሆነን። ቡና ተፈላ፣ ስለ ኮንሰርቱ ከመጠየቃቸው በፊት የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን፣ የኔ አባት ከወሎ የመጣ መሆኑን ስነግራቸው "እና አንተ የት ተወለድክ?" አሉኝ፣ እዚሁ ስላቸው "ታዲያ ለምን እንግዳ ትመስላለህ" ብለው ሳቁብኝ። ከዛ ቀኑን ጠየቁ። ቅዳሜ አልኳቸው በኩራት፣ ጥቅምት ይሄን ያህል። አንዱ ሽማግሌ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፣ ዲኮ፣ ደላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ፣ ደግሞ ዲኮ... እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ አብሮን የሄደው ልጅ ነው ያስረዳኝ፣ በሲዳማ አቆጣጠር ሳምንት አራት ቀን ነው፣ ገበያም በዛ ነው ሚውለው፣ ስለዚህ የኛ ቅዳሜ አንዴ ዲኮ ላይ አንዴ ደላ ላይ እያለ ይዞራል። ቆጥረው ሲጨርሱ "ይሄ ቅዳሜያችሁ የኛ ገበያ ነው፣ ሴቶቹ ቅቤ ይዘው ይወርዳሉ፣ ማን ሊቀበለን ነው?" አሉ። እኛ ሁለት ሳምንት ስለ ኦርጋን ስንጣላ አንድም ሰው ይሄን አላሰበም።

ወደ እሁድ ዞሯል፣ ከ8 ሰአት ጀምሮ። ሚክሰር ሀዋሳ፣ አራቱ ኮንደንሰር አንተ ጋ አለ? ጄኔሬተሩንስ ከክቡ ስንት ሜትር እናርቀው?

ሚክሰር ሀዋሳ፦

ሶስት አለኝ፣ አንዱን ከጓደኛ እዋሳለሁ። ጄኔሬተሩን አጥሩ ጥግ ከክፍሎቹ ጀርባ አርገው፣ 50 ሜትር ኬብል ይዤ እመጣለሁ። ቅዳሜ ማታ ጊዶሌዎቹ እንደደረሱ አገናኘኝ፣ ሳያፍሩ አንዴ ይንፉልኝና ማይኩን ቆመው ሳሉ ልለካው። ያ የገሰፁኝ ሽማግሌ አብረዋቸው ከመጡ ግን አስቀድመህ ንገረኝ።

የይርጋዓለም ልጅ፦

አያቴን ጠይቄያቸው ነበር። መጀመሪያ "ዲጄ አለ?" ነው ያሉኝ። የለም አልኳቸው። እናያለን ብለዋል፣ ጋቢያቸውን ግን ዛሬ ፀሀይ ላይ አስጥተውት አየሁ።

ዓሳ ሾርባ፦

እሁድ 8 ሰአት። የዓሳ ሾርባውን ጥያቄ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።